የአሉሚኒየሟ ፔኒ

ከሥራ ስወጣ ድክም ብሎኝ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ አንድ ሱቅ ዳቦ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቋ መልሴን ስትሰጠኝ አንዲት ፔኒ፣ የዶላር አንድ ሳንቲም፣ የባንኮኒው መስታወት ላይ ወድቃ ቅጭል አለች፤ አባዬ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ አባዬ ከፓርኪንግ ሥራው ሲገባ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ፔኒዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ይመዝን ነበር። ድሮ ለሙከራ በአሉሚኒየም የተሠሩ፣ በጣም ቀላል ፔኒዎች እንደነበሩና ጥቂቶቹ ሳይመለሱ ሰው እጅ እንደቀሩ ይወራል፤ ከእነሱ አንዷን ነበር የሚፈልገው።

«ሁሉንም አቅልጠዋቸዋል ይባላል እኮ!» አልኩት።

«አገር ቤት ታስሮ የቀረውን ወንድሜንም ሞቷል ብለውኛል» አለ ቀና ሳይል። «መቃብሩን ያሳየኝ ግን የለም።»

ፔኒዋ ስትገኝ አጎቴም የሚመጣ መሰለኝና አብሬው መመዘን ጀመርኩ።

አባዬም ካረፈ ቆየ። የዛሬዋን ፔኒ ኪሴ ከመክተቴ በፊት መዳፌ ላይ አኖርኳት። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከባድ ናት።