የናስ እጀታው የተፈታ ዕለት

እህቴ ጓዟን ጠቅልላ ወደ እኔ ቤት የመጣችው ግራ እጇ በጄሶ ታስሮ ነው። ሁለት ጣቶቿን ባሏ የመኪና በር ዘግቶባቸው ሰባብሯቸዋል። ሆስፒታል “በሩ በስህተት ተዘጋብኝ” ብላ ነበር፤ ነርሷ ግን አላመነቻትም። ሰው ጠራችላት፣ አስመከረቻት፣ ከሳምንት በኋላ ፍርድ ቤቱ ባልየው እንዳይጠጋት የሚከለክል ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱን ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥነው።

ባሏን ጋሼ ነበር የምለው። ወደ አሜሪካ ያስመጣኝ እሱ ነው። መኪና መንዳት ያስተማረኝ፣ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። በዕድሜም ብዙ ስለሚበልጠኝ አንቱ እለው ነበር። እህቴን እንደሚመታት ደግሞ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔው እህቷ ነኝ። ስታለቅስልኝ “ቻይው፣ ሲረጋጋ ደግ ሰው ነው” እላት ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም ያልኳት፤ ለዓመታት ነው። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ቴክሳስ፣ ሮውሌት ከተማ ያለው ቤቴ አሮጌ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ናስ ይወድ ነበር መሰለኝ፣ የበሩ እጀታ፣ ማጠፊያው፣ የመታጠቢያው ቧንቧ፣ የኩሽናው መሳቢያ መጎተቻ ሳይቀር ናስ ነው። ስገዛው ሁሉም ጠቁሮ ነበር። የፊት ለፊቱ በር ላይ ያለው የባሰ ነው፤ የቴክሳስ ፀሐይ ቫርኒሹን አሳርሮ ልጦታል፣ ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት ወጥቶበታል። እኔ ኤርፖርት ዊልቸር እየገፋሁ ስለምውል ቤቱን ዞር ብዬ የማይበት ጊዜ አልነበረኝም። እህቴ ግን ቤት ትውላለች። አንድ ቀን ስገባ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ፣ በደህናው እጇ ቧንቧውን በሎሚና በጨው ስትፈትግ አገኘኋት። ጣቷ ደምቶ ነበር። ተይው ስላት እጇ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ እንደሚገባባት ነገረችኝ።

ጎረቤታችን ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ፈረንጅ ሽማግሌ ናቸው። እህቴ በረንዳ ላይ ሆና የበሩን እጀታ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ስትፈትግ አይተው ሣሩን ተሻግረው መጡና ሽቦውን ከእጇ ተቀበሏት። ሽቦ ናስን ይቧጭረዋል አሉ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ከኪሳቸው ማግኔት አውጥተው እጀታው ላይ አስጠጉ፣ አልያዘም። ከያዘ ውስጡ ብረት ነው፣ ላዩ ብቻ ነው ናስ የተቀባው፣ እሱን ብትፈትጊው ናሱ አልቆ ብረቱ ይቀርሻል አሏት። አሮጌው ቫርኒሽ ካልወጣ ማንኛውም ማጽጃ ዋጋ እንደሌለውም ነገሯት። ዳግም ምግብ በማይሠራበት ድስት ውስጥ ውኃና ቤኪንግ ሶዳ አድርጎ መቀቀል ነው፤ ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅና በናስ ማጽጃ መወልወል፣ በሞቀ ውኃ አለቅልቆ ወዲያው ማድረቅ። ከወለወሉት በኋላ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው፤ የእጅ ላብ ሳይታይ ይቀመጥና ከሳምንታት በኋላ የጣት አሻራው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቤት ውስጥ ላለው ሰም መቀባት ይበቃዋል፤ ደጅ ላለው አዲስ ቫርኒሽ ያስፈልገዋል።

ጄሶው ከተፈታላት በኋላ እህቴ ጓንት አጥልቃ ሥራዬ ብላ ያዘችው። ስትፈትግ ጥርሷን ትነክሳለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛው አብሮ ይንቀጠቀጣል። እየፈተገች ታወራኝ ጀመር። የመኝታ ቤቱን እጀታ ስትወለውል፣ በፀጉሯ ይዞ ደረጃውን እንዳስወረዳት ነገረችኝ። የመሳቢያዎቹን ስትጀምር ደግሞ የፈላ ሻይ አንገቷ ላይ እንደደፋባት። ያን ሰሞን ሻርፕ ጠምጥማ አይቻት “ያምርብሻል” ብያት እንደነበር አስታወሰችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

የፊት ለፊቱን በር መጨረሻ ላይ አደረግነው። እረፍት የነበርኩበት ቅዳሜ ጠዋት፣ በካቻቪቴ መቀርቀሪያውንም ረጅሙን የውጭ እጀታም ፈታን። መቀርቀሪያውንና ትናንሾቹን ቀቅለን፣ ወልውለን፣ ቫርኒሽ ረጭተን ጋራዥ ውስጥ በሽቦ ሰቀልናቸው። ሽማግሌው እስከ ማግስቱ እንዳይነኩ ብለው ነበር። በሩ ላይ ሁለት ቀዳዳ ቀረ። እህቴ ቀዳዳዎቹን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፣ ሌላ ርካሽ ቁልፍ ገዝተን ለጊዜው እንግጠም አለችኝ። ኦኬ፣ ለአንድ ቀን ምን ይመጣል ብዬ ጨርቅ ወተፍኩባቸውና የጫማ መደርደሪያውን በሩ ላይ አስጠጋሁት። እሷ ረጅሙን እጀታ ይዛ ሳሎን ወለል ላይ ጋዜጣ ዘርግታ መወልወሏን ቀጠለች።

ምሳ ከበላን በኋላ መኪና ደጃችን ላይ ፓርክ ሲያደርግ ሰማሁ። ጎረቤት መስሎኝ አልተነሣሁም። ከዚያ የላይኛው ጨርቅ ወደ ውስጥ ወደቀ፣ በቀዳዳውም ሁለት ጣቶች ገቡ። እህቴ ጣቶቹን ዐወቀቻቸው። አልጮኸችም፤ እጀታውን ጋዜጣው ላይ አስቀምጣ እየተንፏቀቀች ወደ ግድግዳው ሸሸች።

“ክፈቺ፣” አለ ከውጭ፣ በረጋ ድምፅ። “ለመነጋገር ነው የመጣሁት።”

በሩን በትከሻዬ ደግፌ ቆምኩ። ስልኬ ኩሽና ነበር። “ጋሼ፣ ይመለሱ። ፖሊስ ጠርቻለሁ” አልኩ። አልጠራሁም ነበር።

በሩን ረገጠው። በሁለተኛው ርግጫ መደርደሪያው ተንሸራተተ፣ በሦስተኛው የበሩ ጠርዝ ግንባሬን መታኝና ጫማ መሃል ወደቅሁ። ረግጦኝ አለፈ። ቀጥ ብሎ እህቴ ጋ ሄዶ ያንን የተሰበረውን እጇን ያዘ። ሌላውን እጇን መያዝ ይችል ነበር። ጣቶቿን ወደ ኋላ ሲያጥፋቸው የወጣው ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል።

ተነሥቼ እጀታውን ከጋዜጣው ላይ አነሣሁና መታሁት። ጭንቅላቱን ልመታው እችል ነበር፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ትከሻውን መታሁት። ዞረና ፊቴን በቡጢ አለኝ። ሁለት ጥርሴ ወለቀ፣ እጀታውም ከእጄ ወደቀ። አፌ ደም ሞልቶ፣ ወለል ላይ ተዘርሬ “ጋሼ፣ ይቅርብዎ” አልኩት። እንደዚያ ሆኜም አንቱ ማለቴን አልተውኩም። ሆዴን በእርግጫ መታኝ፣ ደገመኝ።

ለሦስተኛው እግሩን ሲያነሣ እህቴ ከኋላው ቆማ ነበር። እጀታው እጇ ላይ ነው። መጀመሪያ ጉልበቱን መታችው፣ ተንበረከከ። ሊከላከል እጁን ሲያነሣ አንጓውን አለችው፤ ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ ጉንጩን። በጎኑ ወደቀ። እሷ ግን አላቆመችም። ጀርባውን፣ ጎኑን፣ ጭኑን፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ ልክ ናሱን ስትፈትግ እንደማያት ጥርሷን ነክሳ ትመታው ነበር። እሱ መጀመሪያ ተሳደበ፣ ቀጥሎ ለመነ፣ በመጨረሻ ዝም አለ። ልትገድለው ነው ብዬ ፈራሁ። እየዳኽኩ ሄጄ ወገቧን ያዝኩ። በክርኗ ደረቴን መትታ አስለቀቀችኝና ዞረች። እጀታውን በኔ ላይ አነሣችው።

“አንቺም ቻይው ብለሽኛል፣” አለችኝ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ጭንቅላቴን መሸፈን እንኳ አልቻልኩም፤ አየኋት። ያለችው እውነት ነበር። ከዚያ ሽማግሌው ጎረቤታችን ስልክ በጆሯቸው ይዘው በተሰበረው በር ሲገቡ ድምፃቸውን ሰማን፤ እጇን አወረደች።

ፖሊሶቹ ሲመጡ እሱን በቃሬዛ አወጡት፣ እሷን ደግሞ በካቴና አሠሯት። ጣቶቿ እንደተሰበሩ ነግሬያቸው ካቴናውን ከፊት አደረጉላት። አንዱ ፖሊስ እጀታውን በወረቀት ከረጢት ከተተው። እኔ አፌን በፎጣ ይዤ ኩሽና ገባሁና የፍርድ ቤቱን ወረቀት አመጣሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። የሽማግሌውንም ቃል ተቀበሉ። ካቴናው ሳይመሽ ተፈታላት፤ አብረን ሐኪም ቤት ሄድን።

እሱ አንጓውና የጉንጩ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ጥፋቱን አምኖ ታሰረ፣ ሲፈታም ወደ ሌላ ስቴት ሄደ አሉ። ከመታሰሩ በፊት ሁለት አባቶች ለሽምግልና መጡ። ሰውየው ማጥፋቱን እንደሚያውቁ፣ ሆኖም ባል እንዲህ እንደማይደበደብ፣ እሷም ለፍርድ ቤቱ ቃሏን ለዘብ እንድታደርግ ተናገሩ። እህቴ ሻይ ቀዳችላቸው። እስኪጨርሱ ጠበቀች። “ጠጥታችሁ ከሆነ ልሸኛችሁ፣” ብላ ተነሣች። እስከ መኪናቸው ሸኘቻቸው፤ ቃሏንም አለወጠችም።

ጥርሴን ካስተከልኩ በኋላ፣ ሁለታችን ብቻችንን በነበርንበት ቀን ጠየቅኋት። “ትመቺኝ ነበር?”

“አላውቅም፣” አለችኝ። “አልመታሽም ነበር ማለት ነው የምፈልገው። ግን አላውቅም።”

ይቅር በይኝ አልኳት። ሲመታት የት እንደነበርኩ፣ ምን እንዳልኳት፣ የማስታውሰውን ሁሉ ራሴው ዘረዘርኩላት። ሻርፑንም ጭምር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም። ሳልጨርስ ተነሥታ አለመሄዷን እንደ ትልቅ ነገር ቆጠርኩት።

አሁን ማኪኒ ከተማ አፓርትመንት ይዛ፣ አረጋውያን ቤት ትሠራለች። ሁለቱ ጣቶቿ እስከ መጨረሻው አይታጠፉም። እሑድ እሑድ ትመጣና አብረን እንበላለን፣ እንስቃለንም። አንዳንዴ ጨው ወይም ሰሃን ለማንሣት እጇን ድንገት ስትዘረጋ እደነግጣለሁ። ታየኛለች። እጇን ቀስ አድርጋ ትሰበስብና እኔ እስክረጋጋ ትጠብቃለች። ከዚያ መብላታችንን እንቀጥላለን።