የመጋረጃው ቀለም

እዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ልጄ ትዕግስት። የወለደችው ናትናኤል። ባለቤቴ አስካለ። ፊቷን አይቼ የማላውቅ፣ ሲስተር ሀያት የምትባል የወልቂጤ ነርስ። እና እማማ ጥሩነሽ። እማማ ጥሩነሽ የምትባል ሴት የለችም። እማማ ጥሩነሽ እኔ ነኝ፤ ቡታጅራ ወፍጮ ቤት ያለኝ፣ ልጆቼን «ውሸት ከደጄ አይድረስ» እያልኩ ያሳደግሁ፣ ወልዴ የምባል ሰው። ይህን ለአስካለ ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስዘረዝር እንኳ ይህን ጉልበቴ ሥር ደብቄ ተነስቻለሁ። አንተ ግን የማታውቀኝ አንባቢ ነህና ስማኝ። እንድታዝንልኝ አይደለም።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ከጤና ጣቢያ የሚበተነውን ወረቀት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን፣ ሸቀጥ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ። ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚይዙ ሴቶች ይህን ያውቁ ነበር። «ጋሽ ወልዴ፣ ልጄን ተቅማጥ ያዘው፤ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ስለ እጅ መታጠብም ቆጣ ብዬ እመክራቸዋለሁ። ዱቄታቸውን ተሸክመው እያመሰገኑኝ ይሄዳሉ። እንጀራዬ ከወፍጮው ነበር፤ ክብሬ ግን ከዚያ ጥያቄ ነበር።

አንድ ለአምስት ተደራጁ ይባልበት በነበረው ዘመን መገባደጃ ላይ ስልክ በየሰው እጅ ገባ። ሴቶቹ ወረፋ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ያነባሉ። የአካባቢያችን እናቶች ስለ ልጅ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሕመም የሚጠያየቁበት ግሩፕ ነበር፤ ሲስተር ሀያት እዚያ ትመልሳለች። አንድ ቀን አንዷ ደንበኛዬ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ባለፈው የነገሩኝን ሲስተርን ጠየቅኳት እኮ» አለችኝ።

«እና?»

«ልክ ናቸው አለች። ጎበዝ በሏቸው አለች።»

«ጋሽ ወልዴ ፈተናውን አለፉ!» አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የወፍጮውን ድንጋይ ያለ ልክ አጥብቄ የአንዲት ምስኪን በቆሎ አቃጠልኩ።

ቅናት ነው። ለብዙ ጊዜ ቁጭት እለው ነበር፤ ለሕዝብ መቆርቆር እለው ነበር። ዛሬ በስሙ ልጥራው። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ልጁ በምትሆን ሴት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ስልክ ገዛሁ፤ እንደ ፊደሉ ሁሉ ራሴን አስተማርኩ። ግሩፑ ወንድ አያስገባም፤ ስለዚህ «እማማ ጥሩነሽ፣ የስድስት ልጆች እናት» ብዬ ገባሁ። ጥሩነሽ የሟች እናቴ ስም ነው። ሌላ ስም ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። ሰው እንዲያምነኝ ፈልጌ ነው የእናቴን ስም ያነሳሁት።

ትዕግስት ወልቂጤ ባል አግብታ ትኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እኛ መጣች። ወንድ ወለደች። አስካለ በአራሷ መስኮት ላይ አዲስ ቢጫ መጋረጃ ሰቀለችላት። በሳምንቱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ግሩፑ ላይ ጥያቄ መጥቷል።

«እናቶች፣ የጨቅላ ልጄ ዓይን ቢጫ ሆነብኝ። ጡት አይስብም፤ መተኛት ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል?»

የጠያቂዋን ስም አየሁ። ትዕግስት ወልዴ። በእኔና በእሷ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ነው። ልጄ ከግድግዳው ማዶ ያለሁትን እኔን አልፋ ሰው ሁሉ ዘንድ ሄደች።

ሲስተር ሀያት ወዲያው መለሰችላት። «እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልብሱን አውልቀሽ በቀን ብርሃን የእግሩን መዳፍ እዪ። ቢጫው እዚያ ደርሶ ከሆነ፣ ጡትም እንቢ ካለ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ፀሐይ ያጠፋዋል ብለሽ እንዳትጠብቂ።»

ይህ መልስ ምን ጎደለው? ምንም። ጎዶሎው እኔ አለመሆኔ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ልጄ፣ ስድስት ወልጃለሁ፤ ሁሉም ቢጫ ሆነው ነበር። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። ያልወለደች ስለ ወላድ ምን ታውቃለች? ይልቅ ቤትሽ አባት የለም? ለምን አትጠይቂውም?»

አንዷ «እማማ ተናገሩልን» አለች። ሌላዋ «ሲስተር፣ መጀመሪያ አግቢ!» ብላ ቀለደች። ትዕግስት ደግሞ፣ «አባቴንማ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል እማማ» ብላ የሳቅ ምልክት ደረደረችበት።

ያ ሳቅ እዚህ ደረቴ ላይ ነው ያረፈው። ግን ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ትዕግስት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«አባባ፣ እስቲ ይህን ልጅ ይዩልኝ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ምንም ጠይቃኝ የማታውቅ ልጅ። ሠርጓ ቀን እንኳ አማረብኝ ወይ ያላለችኝ። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልግለጽልህ? ገባሁ። ጨርቁን ገለጥኩ። የእግሩን መዳፍ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅሁት። ቢጫ ነበር። አየሁት። ሲስተር ሀያት እዪ ያለችውን ቦታ አየሁ፤ ያለችውንም አገኘሁ።

«ቢጫ አይመስልዎትም?» አለችኝ ትዕግስት።

«መጋረጃው ነው» አልኳት።

አስካለ ከአልጋው ጎን ተነሳች። «እንግዲያው መጋረጃውን ልግለጠውና በደንብ እንየው።»

«ተዪው! ብርድ ይገባበታል» አልኩ። መጋረጃው ቢገለጥ እውነቱ ይወጣል፤ እውነቱ ከወጣ ልጄ ሲስተር ሀያትን ነው የምታመሰግነው። ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የነበረው ይህ ብቻ ነው። አላወቅሁም ማለት አልችልም። አወቅሁ። እግሩን አየሁ፤ አየሁና መጋረጃው ነው አልኩ።

ቀኑ መሸ፤ ነጋ፤ እንደገና መሸ። በማግስቱ ጠዋት ልጁ ጀርባው እንደ ቀስት ተለጠጠ፤ ለቅሶውም ቀጭን ሆነ። አስካለ ልጁን ከእቅፌ ነጠቀችው። «ዞር በል አንተ ሰውዬ!» ብላ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ሆስፒታል ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኙት፤ ብዙ ደከሙለት። ናትናኤል ዳነ። ሐኪሙ ግን፣ «ዘግይታችኋል፤ የሚቀር ነገር ሊኖር ይችላል» አለ።

የቀረውን ነገር ያወቅሁት ወፍጮ ቤት ነው። ትዕግስት ታቅፋው መጣች፤ ተኝቷል። ሞተሩን አስነሳሁ። የቆሙት ሴቶች ደንግጠው ዘለሉ። ናትናኤል ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። «አይ ጨዋ! የአያቱን ሥራ ከአሁኑ ለምዶታል» አለች አንዷ። እኔ ሞተሩን አጠፋሁና ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ያኔ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ትዕግስት፣ «የአንዲት የማላውቃት አሮጊት ምክር ሰምቼ ልጄን አደነቆርኩት» እያለች ስታለቅስ፣ እኔ ምን አልኳት? «ከማያውቁት ሰው ምክር አይቀበሉም ብዬሽ ነበር» አልኳት። አዎ፣ ይህንንም አልኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ገሠጽኳት፤ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። የዚያኑ ዕለት እማማ ጥሩነሽን አጠፋኋት። እናቴን ሁለተኛ የቀበርኳት ያህል ተሰማኝ።

አሁን ያስከፈለውን ሁሉ ልደምረው፤ ከፋዩ ግን እኔ አይደለሁም። ሲስተር ሀያት ከዚያ ቀን ቀልድ በኋላ መልስ መስጠት ተወች፤ ግሩፑን የመድኃኒት ቅጠል ሻጮች ሞሉት። እሷ ብትኖር ስንት እናት ትድን እንደነበር ፈጣሪ ያውቃል። የትዕግስት ባል «በስልክ ልጅ የምታሳድግ» ይላት ጀመር፤ ከዚያም መናገሩንም ተወ። ትዕግስት መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ገባች፤ ማንንም ምንም አትጠይቅም። አስካለ ያን መጋረጃ ባለመግለጧ እስከ ዛሬ ራሷን ትረግማለች፤ እኔም እሰማታለሁ። ይህ ጽሑፍ ማንም ሳያየው በፊት በትዕግስትና በአስካለ እጅ ይገባል። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ያን የማለት ፊት የለኝም።

ናትናኤል ለመስቀል ይመጣል። በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤት ሮጦ መዳፉን የሞተሩ አካል ላይ ይለጥፍና፣ ሲንቀጠቀጥለት ይስቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በእጆቹ ይጠይቀኛል። ይህ ምንድን ነው፣ ያ ለምን ሆነ እንደሚል ከፊቱ እገምታለሁ፤ ያለማቋረጥ ይጠይቀኛል። ከቤተሰቡ ሁሉ ሳይፈራ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው። እኔም እጆቹን አያለሁ፤ የሚለውን አላውቅም።