የባሕሩ ሰዓት

ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጣና ዳር ቆሜ እግሬን ነክሬያለሁ፤ እሱ ግን ሐይቅ ነው። ሥራዬ ባሕር ላይ ነው ብል ግን አልዋሸሁም። ቡሬ ውስጥ፣ ባጃጅ ሲንጫጫ በሚውልበት መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ተቀምጬ ኢንተርኔት ላይ የሚከፈት ካርታ እሠራለሁ። የሕንድ ውቅያኖስ የት እንደሞቀ፣ የት እንደቀዘቀዘ ከሳተላይት የሚመጣውን መረጃ ቀለም አለብሰዋለሁ፤ ከላዩ የዝናቡን ትንበያ እደርባለሁ። ሰው ካርታውን በጣቱ እየጎተተ ከውቅያኖሱ ተነሥቶ ማሳው ድረስ ይመጣል፤ ከታች ያለችውን የሰዓት መስመር ሲገፋት ደግሞ ዝናቡ ሲጓዝ ያያል። ጥሩ ሥራ ነው፤ እኔም ጎበዝ ነኝ። ይህን ለመናገር አላፍርም።

አባቴ በቀላሉ የሚደነቁ ሰው አይደሉም። ቄስም ገበሬም ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲመጡ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር በሚገባበት ቀበሌ በርበሬና በቆሎ ያመርታሉ፤ ለደቀ መዛሙርት ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ጾሙና በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚታወቅበት የቤተ ክርስቲያን የቁጥር ትምህርት ነው። የሥራዬን ነገር ስነግራቸው ሳቁብኝ።

“የእኔዋ ባሕር ኔትወርክ አትፈልግም” አሉ።

ከዚያ ወዲያ “የእርስዎ ባሕር”፣ “ያንቺዋ ባሕር” እየተባባልን መቀላለድ ልማዳችን ሆነ።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ በርበሬያችንን በሽታ እያጠወለገ ጨርሶት ነበር። በሦስተኛው ዓመት እግዜር ሲል ያዘ። አውድማው ላይ ተከምሮ ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የቤታችን የዓመት ኑሮ በሙሉ እዚያ ሸራ ላይ ነበር፤ ሌላ ተስፋ አልነበረንም። በማድረቁ ላግዛቸው ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። በርበሬ አስቸጋሪ ነው፤ እርጥቡ ታፍኖ ከዋለ ይሻግታል፣ ተሰጥቶ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ይጠቁራል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጓሯችን ካለው ብሳና ሥር ቆሜ ካርታዬን ከፈትሁ፤ ኢንተርኔት የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ውቅያኖሱ በእኛ በኩል እንደ ፍም ቀልቷል። ሰዓቷን ገፋሁ። ማክሰኞ 9፡00 ላይ የዝናቡ ሐምራዊ ቀለም ልክ ቀበሌያችን ላይ አረፈ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዘጠኝ አይቶ ዘጠኝ ይላል። እኔ ግን የፈረንጁን ሰዓት ስድስት ቀንሼ ወደ እኛ መለስሁት። ጠዋት ሦስት ሰዓት። በራሴ ኮርቼ ወደ ቤት ገባሁ።

“አባ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘንባል። በርበሬው እንዳይገለጥ።”

አባቴ ሰማዩን አዩ። አንድ ደመና የለም። እናቴን አዩ።

“እንግዲህ ልጂቱ ካለች ይሁን” አሉ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። አራት ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ በርበሬውን አስጥቷል፤ የእኛ ብቻ ታፍኗል። እናቴ እጇን ሸራው ውስጥ ሰደደችና “ኧረ ይኸ ነገር እየሞቀ ነው” አለች። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው እየረገጡ ለኩ። የቅዳሴ ሰዓት የሚያውቁት እንዲህ ነው።

“አምስት አለፈ” አሉኝ። “ያንቺዋ ባሕር ሳትደርቅ አልቀረችም።”

ተናደድሁ። በሳተላይቱም፣ በፀሐዩም፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። ሸራውን የገለጥሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ሦስታችን በርበሬውን አሰጣን። ጨርሰን ወገባችንን ሳናቀና ከግሽ ዓባይ በኩል ነጎደ። የአባቴ ጥላ አጥራ እግራቸው ሥር ተሰብስባ ነበር፤ ስድስት ሰዓት።

በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። በነጠላ፣ በቅርጫት፣ በእጃችን ዘገንን።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!” አለች እናቴ፣ ውሃው በፊቷ እየወረደ። ለእኔ ትበለው ለራሷ አላወቅሁም። ግማሹን አዳንን፤ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ቀረ። እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ሲያባራ ብሳናው ሥር ተመልሼ ካርታውን ከፈትሁ። በሰዓቷ መስመር ጥግ ሦስት ደቃቅ የፈረንጅ ፊደሎች አሉ፤ UTC ይላሉ። አውቃቸዋለሁ፤ በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። የባሕሩም የዝናቡም መረጃ የሚቆጠረው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ። መጀመሪያ ሦስት መደመር፣ ከዚያ ስድስት መቀነስ ነበረብኝ። እኔ መቀነሱን ብቻ ይዤ ነበር። ጎበዟ!

አባቴ የረጠበውን ከደረቁ ሲለዩ አገኘኋቸው።

“አባ፣ ካርታው አልዋሸም። የሰው አገር ሰዓት ኖሯል፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።”

ቁጣቸውን ጠበቅሁ።

“ጥንቱን ሳትጠይቂ ነዋ የቆጠርሽው!” አሉ።

በባሕረ ሐሳብ ጥንት ማለት ቁጥሩ የሚነሣበት ነው። እሱን ያልያዘ ተማሪ የቀረው ስሌቱ ቢያምርም ዋጋ የለውም። አባቴ ይህን ሲያስተምሩ ስሰማ ነው ያደግሁት።

“ይኸ እኮ ትንሣኤን ያስታል። በበርበሬ መቅረቱ ደግ” ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

ቡሬ እንደተመለስሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ሰዓቷን ወደ እኛ አቆጣጠር ማዞር ሆነ። ከሥሯ “ጥንቱ፦ የእኛ ፀሐይ” ብዬ ጻፍሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ፤ አላጠፋሁትም።

በሳምንቱ የተረፈው በርበሬ ገና አውድማ ላይ እያለ ካርታው ደግሞ ሐምራዊ ሆነ። ለአባቴ ደወልሁ።

“ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘንባል።”



“ጥንቱስ?” አሉ።

“በእርስዎ ጥላ ነው የቆጠርሁት፣ አባ።”

በማግስቱ ቢሮ ተቀምጬ ምንም ሳልሠራ ዋልሁ። በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ በቀትር ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። የሰው ሁሉ በርበሬ ተሰጥቷል፤ የእኛው እንደታፈነ ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆመው “ቄሱ፣ በርበሬውንም ጾም አስያዙት እንዴ?” እያሉ ቀለዱባቸው። አባቴ ሸራው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አልፎ አልፎ እየተነሡ ጥላቸውን ይለካሉ።

ስልኬ ጮኸ። አነሣሁት። መጀመሪያ የሰማሁት የአባቴን ድምፅ አይደለም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ከአሥር።

“ሰማሽ?” አሉኝ እየጮኹ።

“ሰማሁ፣ አባ። በርበሬውስ?”

“አልገለጥሁትም” አሉ።