ሦስት ሰዓት ላይ ውሃው ይሞላል

አሁንም ሰው «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ሲለኝ «በማን አቆጣጠር?» እላለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ሳልጠይቅ የቀረሁበት አንድ ቅዳሜ ስላለኝ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ሥራ የምፈልግበት ጊዜ ነበር። ያን ቀን ከታላቅ ወንድሜ ከኤልያስ ጋር ከለንደን በባቡር ወጥተን፣ ወንዙ ከባሕር ጋር ወደሚገናኝበት የወፎች መጠበቂያ ሄድን። ኤልያስ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ካፌ ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እዚያ በነፃ ወፍ ይጠብቃል። እናታችን «ለንደን ድረስ መጥቶ ዘበኛ ሆነ» ትለው ነበር።

ግንቦት ቢሆንም ብርዱ አጥንት ይነካል። ጭቃው ጨው ጨው ይሸታል። የቀዘቀዘ ሳምቡሳ እየበላን ስንሄድ ክንዴን ያዘኝ።

«ቁም፣ ልትረግጣቸው ነው።»

ለእኔ የሚታየኝ ጠጠር ብቻ ነበር። ጎንበስ ስል ሁለቱ ጠጠሮች ዕንቁላል ናቸው።

«ጎጆ የላትም እንዴ?»

«ይሄው ነው ጎጆዋ። እንዳንተው አልጋ አታነጥፍም።»

ከዚያ ሳቁን ተወ። በማግስቱ የባሕሩ ውሃ ከወትሮው ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ዕንቁላሎቹን ጠርጎ እንደሚወስዳቸው ነገረኝ። ከብሪክስተን ገበያ የለመናት የዓሣ ሳጥን እቤት አለች። እሷን ጠጠር ሞልተው፣ ውሃው እንዳይደርስባቸው ዕንቁላሎቹን ከላይ ሊያስቀምጡ ከቦታው ኃላፊ ጋር ተስማምቷል።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ውሃው ይሞላል። አብረኸኝ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

በዚያው ምሽት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጨው። ሆስፒታል ሄድን። በሕይወት አልደረስንበትም።

ሲነጋ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳጥኗን አያለሁ። ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰዓት ማለት ጠዋት ነው፤ ውጭ፣ በእንግሊዞቹ ግን ከቀትር በኋላ ነው። የቱን ነበር ያለኝ? የጠዋቱ ከሆነ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀረኝም። ውሃው የሚሞላበትን ሰዓት ስልኬ ላይ ቼክ ማድረግ እንደምችል ትዝም አላለኝ። ሳጥኗን አነሳሁ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«የኤልያስ ነው፣ እማዬ። ለወፎቹ… ለዛሬ ቃል ገብቶ ነበር።»

አጠገቧ የተቀመጡ አዛውንት «ልጄ፣ ዛሬ እኮ…» ሲሉ እጇን አነሳች።

«ይተዉት። ይሂድ፣ ያድርስለት።»

ባቡሩ በየጣቢያው በቆመ ቁጥር የእጅ ሰዓቴን አያለሁ። ሳጥኗ አሁንም ዓሣ ትሸታለች፤ አጠገቤ የነበረችው ሴት ተነስታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ከጣቢያው ሮጥኩ። ስደርስ በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር።

ውሃ የለም። ጭቃ ብቻ። ወስዷቸው ተመልሷል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወፏ ከፊቴ ተነስታ በረረች፤ ሁለቱም ዕንቁላሎች ደረቅ ነበሩ።

ኃላፊዋ፣ ረጅም ቦት ያጠለቀች እንግሊዛዊት፣ ከወዲያ መጣች።

«ገና ነው እኮ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «በጣም ቀድመህ መጣህ። ኤልያስስ?»

ኤልያስ የባሕሩን ሰዓት እንደ እንግሊዞቹ ነበር የሚቆጥረው። ስድስት ሰዓት ቀድሜ ነበር የደረስኩት።

ተንበርክኬ ጠጠር እያፈስኩ ሳጥኗ ውስጥ መጨመር ጀመርኩ። ፊቴን አየች። እሷም አጠገቤ ተንበረከከች።