ድዳዋ ሰንጢ

ባለፈው ሰሞን ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስመጣ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ብርቱካን ልጠው ጨረሱና ሰንጢያቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው አጠፏት፤ ቀጭ አለች። ሌላ ነገር አልሆነም። እኔ ግን ሰውዬው «እንኪ ልጄ» ብለው ብርቱካኑን ሲዘረጉልኝ እጄን ማንሳት አቅቶኝ፣ የተወለድኩባት ቀዬ ትክል ድንጋይ ከነጭጋጓ መጥታ እሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጠች መሰለኝ።

አባቴ ደብተራ ነበር፤ ማኅሌት ቆሞ ሲመለስ ብራና ላይ መጽሐፍ ይገለብጥ ነበር። የመቃ ብዕሩን የሚቀርጽባት፣ ከኪሱ የማትለይ፣ እጀታዋ ቀንድ የሆነች ሰንጢ ነበረችው። መልኳን ብዙም አላስታውስ፤ የቀረኝ ድምጿ ነው። ስትከፈትም ስትታጠፍም ቀጭ ትል ነበር፣ ድንጋይ ላይ ጠጠር የወደቀ ያህል ጥርት ብሎ የሚሰማ።

በእኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ብረትም ከእጇ አይለይም። ስትተኛ ከትራሷ ሥር፣ ወደ ጓሮ ስትወጣ በመዳፏ፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እንዲያ ነው። ብረቱን የምታቀብላት፣ ደጅ ስትወጣም ከኋላዋ የምትከተላት የቤቱ ሴት ልጅ ናት። እኔ ስወለድ ይህን ሥራ የያዘችው ታላቅ እህቴ የሺ ነበረች፤ ገና በስምንት ዓመቷ የአባቴን ሰንጢ ይዛ እኔንና እናቴን ሰማንያ ቀን ጠብቃናለች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። አባቴ ሰንጢዋን ከመቃብሯ ራስጌ፣ ከድንጋዩ ሥር ሸጉጦ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ብዕሩን በምላጭ ነበር የሚቀርጽ። በዓመቱ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደችና ልጁ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። አክስቴ አዛሉ ለቅሶው ገና ሳይበርድ «ብረት በሌለበት ቤት ምን ትጠብቂ ኖሯል?» አለቻት። እናቴም ነገሩን አምናው ቀረች።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ እንደገና ነፍሰ ጡር ሆነች። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ መሬቱን አራሰው፣ እናቴም ቀኗ እየተቃረበ ሲሄድ ሌሊት ሌሊት ተነሥታ ባዶ ትራሷን ስትዳብስ እሰማት ነበር። አንድ የገበያ ቀን አባቴ ጠራኝና «ነይ፣ ሰንጢ እንግዛ። የምትይዣት አንቺ ነሽ፣ አንቺው ምረጭ» አለኝ።

አያ ቢምረው የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ መርፌውን፣ መስተዋቱን፣ የባትሪ ድንጋዩን፣ ሰንጢውን ሁሉ አንድ ሸራ ላይ ዘርግተው ከበላዩ ጃንጥላ ይዘው ይቀመጣሉ። አባቴ ቁጢጥ ብሎ ሰንጢዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ስለቱን ከፍቶ ግራና ቀኝ እየነቀነቀ፣ ከዚያ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ያጥፍ ጀመር።

«ሰንጢ በጆሮ ነው የሚመረጥ» አለኝ። «ስትታጠፍ ድምፅ ከሌላት ሞላዋ ሞቷል ማለት ነው። ኪስ ውስጥ ራሷን ከፍታ ጣት ትበላለች።»

አያ ቢምረው ከሸራው ጥግ አንዲት ባለቀንድ አሮጌ ሰንጢ አወጡ። «ይችን ይውሰዱ የኔታ። የሠራት ሰውዬ ከነቤተሰቡ እስራኤል ገብቷል፤ እንዲህ ያለች ሸጋ ከእንግዲህ አይገኝም።»

አባቴ ተቀብሎ አጠፋት። ቀጭ። እኔ ከኋላዬ ሰው የጠራኝ መስሎኝ ዞርኩ፤ የገበያተኛ ጀርባ ብቻ ነበር። ስመለስ አባቴ ሰንጢዋን በመዳፉ ጨብጦ ዓይኑ ርቆ ሄዷል፤ የሺን እያሰበ እንደሆነ ልጅም ብሆን አውቄዋለሁ። ቅናት ይሁን ፍርሃት ዛሬም አልለየሁትም፣ ብቻ «እሷን አልፈልግም፤ ቀይዋን» አልኩ። ቀይዋ እጀታዋ ፕላስቲክ፣ ስለቷ መስተዋት የመሰለ፣ ገና ከመኪና የወረደች ነበረች።

አባቴ ቀይዋን አጠፋት፤ ምንም አላለች። ደገማት። «ይች ድዳ ናት» አለ።

«ልጅቱ የጠየቀችዎ ሰንጢ ነው የኔታ፤ አዝማሪ መቼ አለች?» አሉ አያ ቢምረው። በዙሪያችን የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ አባቴም ሳይወድ ስቆ ገዛልኝ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እህቴ ትርንጎ ተወለደች፤ ሥራዬም ተጀመረ። እናቴ መውጣት ስትፈልግ «ብረቴን» ትለኛለች፣ እኔ ከትራሱ ሥር አወጣለሁ፣ እሷ ፊቷን ሳታዞር እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፣ እኔም መዳፏ ላይ አስቀምጬ እከተላታለሁ። አራስ ዞራ ካየች የማይታየውን ታያለች ትል ነበር አክስቴ፣ እናቴም አንድ ቀን እንኳ ዞራ አላየችኝም። በየጠዋቱ አስቀድሜ የማደርገው የትርንጎን ትንፋሽ ማዳመጥ ነበር። አሥራ አንደኛው ቀን ሲያልፍ እናቴ አለቀሰች፤ ቢሆንም ሰማንያው ገና ሩቅ ነበር።

ጳጉሜ ላይ ጓደኞቼ ለእንቁጣጣሽ የሚሆነውን የእንግጫ ሣር ሊነቅሉ ወደ ሜዳው ወረዱ። ዘፈናቸው እቤት ድረስ ይሰማል። አክስቴ ወፍጮ ቤት ሄዳለች፣ እናቴ ተኝታለች። ቶሎ እመለሳለሁ አልኩና ከትራሱ ሥር ቀይዋን ሰንጢ በቀስታ ስቤ፣ ኪሴ ከትቼ ሮጥኩ።

«ምነው ትሁን፣ አራሷን ለማን ጥለሽ መጣሽ?» አለችኝ አንዷ።

«ተኝታለች» አልኩና ሰንጢዬን ከፍቼ የእንግጫውን ሥር እየቆረጥኩ አሳየኋቸው። ሁሉም በተራ ያዟት። ያን ያህል ኩራት ከዚያ በፊት አላውቅም።

ከዚያ ጭጋጉ ወረደ። ቀትር ነበር፣ ግን አጠገቤ ያለችው ልጅ ጠፍታ ድምጿ ብቻ ሲዘፍን ይሰማል። ልመለስ ብዬ ሰንጢዋን አጥፌ ኪሴ ስከት፣ አባቴ እንዳለው ራሷን ከፍታ ኖሮ ጣቴን በላችኝ። ደሙን ሳይ ባዶው ትራስ ትዝ አለኝና እቤቴ ድረስ ሳላርፍ ሮጥኩ።

እናቴ ነቅታለች። አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ ትርንጎን እያጠባች፣ ነጠላዋ በጭጋጉ ረጥቧል።

«ምን ያስለከልክሻል?» አለችኝ። «አሁን አይደለም እንዴ ከጓሮ ያስገባሽኝ?»

የቆሰለ ጣቴን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። ያልቆሰለውን እጄን ሳብ አድርጋ በመዳፏ መሃል ያዘችው። «አሁንስ ሞቀሽ። ቅድም ብረቴን ስታቀብይኝ እጅሽ በረዶ ነበር። ደግሞ ስትቀበይኝ እንዲያ ቀጭ አታድርጊያት፣ ሕፃኗን ትቀሰቅሻለሽ።»

ድዳዋ ሰንጢ ከነደሜ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ትራሱን የማስተካክል መስዬ ሥሩን ዳበስኩ፤ ባዶ ነው። ቀይዋን እዚያ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ከበሩ እስከ ጓሮ ባለው ጭቃ ላይ የሁለት ሰው ዱካ ነበር፣ ሄዶ የተመለሰ። አንዱ የእናቴ ነው። በሌላው ላይ እግሬን አስቀምጬ ለካሁት፤ ከእኔ እግር በጥቂት ይበልጥ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር እናቴ ደንግጣ ጡቷ ይደርቃል ብዬ ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን «እኔ አልነበርኩም» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ከአልጋው ሥር አልራቅኩም። መስከረም ከተጋመሰ በኋላ ትርንጎ ክርስትና ተነሣች፣ እናቴም ለጎረቤቱ ሁሉ «ትሁን አንድ ቀን እንኳ አላጎደለችብኝም» እያለች መረቀችኝ። ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩት።

ትርንጎ ዛሬ እዚሁ ጎንደር ከተማ አስተማሪ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ቀኖች ቀርተዋታል። የሐኪም ቤት ካርዷንና የሕፃኑን ልብስ ቦርሳዋ ውስጥ አሰናድታ ስታበቃ ደወለችልኝ። «ትሁንዬ፣ ለቦርሳዬ አንድ ሰንጢ ግዢልኝ። አላምንበትም፤ ግን ግዢልኝ።»

ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ በአንድ እያጠፍኩ አዳመጥኩ። ሻጩ ጎረምሳ ትዕግሥቱ አልቆ «እትዬ፣ ለሽንኩርት ነው ለጠላት?» አለኝ። «ለጆሮ ነው» አልኩት። የያዝኳት የማታምር፣ እጀታዋ እንጨት የሆነች ናት።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት፤ ዓይኗ ደክሟል፣ አብዛኛውን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ትተኛለች። ትርንጎ ስትመጣ ሰንጢዋን ከፍቼ አሳየኋትና አጠፍኳት። ቀጭ። ከአልጋው ላይ እናቴ ፊቷን ሳታዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

ሰንጢዋን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። እሷ ግን ጣቶቼን አብራ ጨበጠችና «የሺ፣ ዛሬስ እጅሽ ሞቋል» አለች።

ትርንጎ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። ያኔ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ እኔ አልነበርኩም ለማለት ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ፣ እጄ በእናቴ እጅ ውስጥ እንዳለ፣ እኔ ነኝ ለማለት ልቤ አልፈቀደም።