አንቱ የተባሉ ዝንቦች

አማካሪዬን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። የማለት ሐሳቡም የለኝም።

ያደግኩት ጨለለቅቱ ከተማ ነው። ቤታችን የሚነገረው ጌዴኦኛ ስለነበር አማርኛ ሳወራ አንተና አንቱ ይምታታብኝ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ ዲላ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አማካሪዬን በስህተት «አንተ» አልኩት።

«አንቺ! ከማን ጋር እንደምታወሪ ታውቂያለሽ?» ብሎ በተማሪው ሁሉ ፊት አዋረደኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ አንቱታውን እንደ ኮሶ እየዋጥኩ ታዘዝኩት።

የመመረቂያ ሥራዬ የፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ነበር። ከገበያ በማመጣው የበሰለ ሙዝ በጠርሙስ አረባኋቸው። ወጣቶቹንም ያረጁትንም በቀጭን መርፌ እየበሳሁ ደም መሰል ፈሳሻቸውን ሰበሰብኩ። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ፣ የጂኖችን ሥራ የሚገቱ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ይዘዋወራሉ። ከዕድሜ ጋር የትኛው እንደሚጨምር፣ የትኛው እንደሚቀንስ ለማወቅ ዓይኔ እስኪፈዝ ለፋሁ። ያረጁት ዝንቦች የጠርሙሱን ግድግዳ መውጣት ሲያቅታቸው ሳይ አሳዘኑኝ። አንቱታ ከአማካሪዬ ይልቅ ለነዚህ ይገባል አልኩና ደብተሬ ላይ ያረጁትን «ቱ»፣ ወጣቶቹን «ተ» ብዬ መዘገብኳቸው።

ውጤቱን ሳሳየው «አይረባም፣ ተይው» ብሎ ደብተሬን ወሰደው። ከወራት በኋላ የሳይንስ ጉባኤ ጥሪ ወረቀት ላይ ሥራዬን በእሱ ስም ብቻ አየሁት። የኔ ስም የትም የለም። ልሄድበት ተነስቼ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ «ተ» ምን ማለት እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቅ ሌብነቱ ይነቃበታላ! ተመልሼ ተቀመጥኩ። የጉባኤውን ቀን እንደ ዓመት በዓል ጠበቅኩት።

ቀኑ ደርሶ አማካሪዬ ግራፉን አዳራሹ ውስጥ ሲያሳይ ተገልብጧል። በእርጅና የሚጨምረው ቀንሷል፣ የሚቀንሰው ጨምሯል። እጄን አወጣሁ።

«‹ተ› ያሉት ምንድን ነው?»

«ተለቅ ያሉት ዝንቦች» አለ ሳያመነታ።

«አይደለም። ‹ተ› አንተ የምላቸው ወጣቶቹ ናቸው። ያረጁት ‹ቱ› ናቸው፣ አንቱ። ደብተሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«አንቺ! ከማን ጋር እንደምታወሪ ታውቂያለሽ?»

«ካንተ ጋር» አልኩት።

ያን ቀን አልተምታታብኝም።