ውሃው የወሰደው

ቂርቆስ ውስጥ ሴት ስትሞት ከእድሩ ጥሩምባ ቀድሞ የሚጠራው የመብርሂት ስም ነበር። የሰፈሩን ሴቶች አጥባ የምትገንዘው እሷ ናት። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አስቀርባ፣ በሩን ከውስጥ ትዘጋና ሟቿ ብቻ በምትሰማው ድምፅ ታንጎራጉርላታለች።

*አንገቷን ደፍታ ኖራ አንገቷን ደፍታ ሄደች፣*
*የሆዷን በሆዷ ይዛው ተከደነች።*

ለባል ያልተነገረው፣ ለነፍስ አባትም የተደበቀው እዚያ ይገለጣል። ተደራርቦ የታሰረ ጨርቅ ታገኛለች። ሳሙና የማያስለቅቀው ሽታ አለ። ውጭ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ «ሆዷን ሲያማት ከርሞ ነው» ይባላል። መብርሂት ሆድ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የበሽታውን ስም ግን አታውቅም።

ስሙን የነገረቻት ዶክተር እጸገነት ናት። ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ ባለው ዓመት፣ አንድ እሑድ ይህች ወጣት ሐኪም የሴቶች እድር ስብሰባ ላይ መጥታ ስለ ማህፀን በር ካንሰር አወራች። ጥናት እየተሠራ ነው፤ ሴቶች ትንሽ ናሙና ይስጡ፤ በሽታው በጊዜ ከተገኘ ይድናል፤ ችግሩ ሴቶቻችን የሚመጡት ካለቀ በኋላ ነው አለች። ስለዚህ ጎረቤቶቻቸውን የሚያግባቡ፣ ይዘው የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ትፈልጋለች። መብርሂት ብድግ አለች።

«ገናዧ፣ በቁማችንም ልትለኪን ነው እንዴ?» አለቻት ሸዋአየሁ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሸዋአየሁ ካዛንቺስ ጥግ ላይ ፉልና ፍርፍር የምትሸጥ፣ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። የመብርሂት የልብ ወዳጅ ስለሆነች ደፍራ የምትተርባትም እሷ ብቻ ነበረች። ግን በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ መጀመሪያ የወጣችውም እሷው ነች። እሷን ያዩ ሌሎቹ ተከተሉ።

መብርሂት ሴቶቹን ለወግ እንደሚሄድ ሰው አሰናድታ ነበር የምትወስዳቸው። ዶክተሯ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ትቆይ ከማለት በቀር ስለ ዝግጅት ያነሳችው ነገር አልነበረም። መብርሂት ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሰው በንጽሕና የምትሸኝ ሴት ናት፤ የሰፈሯን ልጅ ሐኪም ፊት እንዲያው አታቀርብም። «ታጥባችሁ ኑ፤ ከውስጥም ጭምር፤ እንዳታሳፍሩኝ» ትላቸዋለች። እነሱም ለብ ባለ ውሃ ላይ ጨው ጣል እያደረጉ፣ አንዳንዶቹም ሎሚ እየጨመቁ፣ ከውስጥ ታጥበው፣ ጠርተው ይሄዳሉ። ሸዋአየሁ «ምንም የለብሽም» ተባለች። ቀኑን ሙሉ ፉሉን በነጻ ስታበላ ዋለች።

ዓመት ከምናምን ሆነው። ያ ሳቅ ቀነሰ። ሸዋአየሁ መቆም ሲያቅታት በርጩማ አስቀምጣ መሸጥ ጀመረች። ኋላ ቁርስ ቤቱም ተዘጋ። መብርሂት ልትጠይቃት ገብታ ገና በሩ ላይ ያንን ሽታ አወቀችው። እስከ ዛሬ ይህን ሽታ የምታውቀው ከሞቱ ሴቶች ነበር። ይቺኛዋ ግን ቀና ብላ «ግቢ እንጂ» ትላታለች።

አዝላት ማለት ይቀላል፣ ደግፋ ሆስፒታል ወሰደቻት። ተስፋፍቷል ተባለ። ለቀዶ ጥገና አልፏል፤ ጨረር ነው የቀረው፤ የጨረሩ ወረፋ ደግሞ ወራት ነው። ዶክተር እጸገነት ኮሪደሩ ላይ ከመብርሂት ጋር ቆማ ግራ ገብቷታል። ከቂርቆስ የመጡት ናሙናዎች ብዙዎቹ ሴል ያነሳቸው እንደነበሩ፣ ምክንያቱ እንዳልገባት ነገረቻትና ድንገት ጠየቀቻት።

«እትዬ መብርሂት፣ ሴቶቹን ምን ብለው ነው የሚያመጧቸው?»

«ታጥባችሁ ኑ ነዋ። ከውጭም ከውስጥም። አንድ ቀን አሳፍረውኝ አያውቁም።»

ዶክተሯ ግድግዳውን ተደገፈች። ቀስ ብላ አስረዳቻት። የሚፈለገው ማህፀኑ በር ላይ ከላይ ከላይ ያለው ሴል ነው፤ ውሃው እሱን ጠርጎ ይሄዳል፤ ናሙናው በሚቀባበት መስታወት ላይ የሚታየው የተረፈው ብቻ ነው። በማጉያው ያየችው «ምንም የለም» ውሃው የተወላትን እንደነበር አሁን ገባት። አትታጠቡ ብዬ ልንገራቸው አለማለቴ የእኔም ጥፋት ነው አለች። የተመረመሩት ሁሉ እንደገና መምጣት አለባቸው።

መብርሂት ከሆስፒታሉ እስከ ቂርቆስ በእግሯ ሄደች። ታክሲው ሲጠራት አልሰማችም።

እንደገና በር ማንኳኳት ጀመረች። አሁን ግን የሚከፍትላት ጠፋ። ሰፈሩ የራሱን ምክንያት አግኝቷል፤ ሸዋአየሁ ደህና ሴት ነበረች፤ በሽታውን የቀሰቀሱባት ሲነካኩባት ነው፤ ያስነካካቻት ደግሞ ገናዧ ናት። ካዛንቺስ በኩል ያለው ቤት ደግሞ ለልማት እየፈረሰ ነው፤ ትናንት ያነጋገረቻት ሴት ዛሬ ዕቃዋን ጭና ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ከአጥሩ ጀርባ «የለችም በሏት» የሚል ድምፅ እየሰማች ትመለሳለች።

ከሁሉ የከበዳት ግን ለሸዋአየሁ አለመናገሯ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አጥሚት ይዛላት ሄደች። ሳይቀመስ ቀዘቀዘ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ውሃውን፣ ጨውን፣ «እንዳታሳፍሩኝ» ያለችውን።

ሸዋአየሁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ያን ጊዜ ቢታይ ይድን ነበር?»

መብርሂት መዋሸት ፈለገች፤ አልቻለችም። «ይድን ነበር» አለች።

«ውጪልኝ።»

ወጣች። በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ እንጉርጉሮው ከየት እንደመጣ ሳታውቀው አፏ ውስጥ ነበር።

*ስትስቂ ነው እንጂ ስታለቅሺ አላየሁ፣*
*ሕመምሽን ማን ያዘው፣ አንቺ ሸዋአየሁ።*

በሚቀጥለው የእድር እሑድ መብርሂት ከበሩ አጠገብ፣ ከሰው ተገልላ ተቀምጣ ነበር። ስብሰባው ሳይጋመስ በሩ ተከፈተ። ሸዋአየሁ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ገባች። በመብርሂት ፊት ስታልፍ እንዳላየች ሆና አለፈቻት። ወንበር ሲሰጧት አልቀመጥም አለች። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።

«አትሸፈኑ» አለች። «በሽታው እናንተም ጋ ካለ እኮ እንዲህ ነው የሚሆነው። ምርመራው አላመጣብኝም። በሽታው ነበረ፤ ታጥቤ ሄጄ ደበቅኩት። እናንተም ታጥባችሁ ነው የሄዳችሁት። ሳትታጠቡ ሂዱ። በቃ፣ ይሄን ልበል ብዬ ነው።»

ደግፈው ሲያወጧት መብርሂት ክንዷን ልትይዝላት ተነሣች። ሸዋአየሁ ክንዷን ሰበሰበች።

ሰኞ ጠዋት ለድጋሚ ምርመራ የሚሄዱትን ልትወስድ ታክሲ መያዣው ጋ መብርሂት ብቻዋን ቆማ ቆየች። ብዙዎቹ ቀሩ። የመጡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ዘጓት እንዳይባል ብቻ ሰላም አሏት። መጨረሻ ላይ ሀምዲያ፣ ሰንጋ ተራ ጨርቅ የምትሸጠዋ፣ ሻርፗን እያስተካከለች ደረሰች።

ምርመራ ክፍሉ በር ላይ ሀምዲያ ቆመች። ስሟ ሁለቴ ተጠርቷል።

«መብርሂት፣ እኔ እኮ ያለ ውሃ ወጥቼ አላውቅም» አለቻት በሹክሹክታ። «ከውጭ ብቻ ነው የታጠብኩት። ያሳፍረኛል።»

መብርሂት እጇን ያዘቻት።

«እፈሪ» አለቻት። «እያፈርሽ ግቢ።»

ሀምዲያ ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። መብርሂት ተራዋን ከምትጠብቅ ሴት አጠገብ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች፤ ሴትዮዋ ትንሽ ፈቀቅ አለችባት፤ መብርሂትም በሩን እያየች ጠበቀች።